ኖራና መሬት፤ የደጋው አፈርና የቆቃ ሜዳ

በቆቃና በአካባቢዋ ኖራን የማያውቅ ሰው የለም። ቤት የሠራ ሰው ግድግዳውን በኖራ ያነጣል። በሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳው በኖራ ውሃ ተነክሮ ጠጕሩ ይለቃል። ከሸንኮራ አገዳ ስኳር በሚወጣበትም ቦታ፥ ጭማቂው ጕድፉ እንዲዘቅጥ ኖራ ይጨመርበታል፤ ይህንንም ከ1954 ጀምሮ ስኳር የተመረተባት ጎረቤታችን ወንጂ በሚገባ ታውቀዋለች። ነገር ግን ኖራ ለታመመ እርሻና ለከሳ የግጦሽ መሬት መድኀኒት ነው ቢባል፥ ከመካከላችን ብዙው ሰው ይደነቃል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ይኸው መድኀኒት በአንዱ መሬት ሲያድን በሌላው መሬት ምንም አይጠቅምም፤ አልፎም ይጐዳል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ኖራ ወደ እርሻ እንዴት እንደ ገባ፥ በአገራችን ደጋ ለምን እንደ ተፈለገ፥ በእኛ በቆቃ ሜዳ ግን ለምን እንደማይፈለግ ታሪኩን በአጭሩ ለማስረዳት አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኖራን በእርሻ ላይ መበተን እጅግ የቆየ ልማድ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ፥ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ፥ የጋልና የብሪታንያ ሰዎች ኖራ ያለበትን ጭቃ ከመሬት ውስጥ እየቈፈሩ በእህልና በሣር መሬታቸው ላይ ይበትኑ እንደ ነበር ተርኳል። ጋል ማለት ዛሬ ፈረንሳይ የምንለው አገር ነው። ከዚያም ነገዶች መካከል ኤዱዪና ፒክቶኔስ የተባሉት መሬታቸውን በኖራ እንዳለሙ ጨምሮ ጽፏል። እነዚህ ገበሬዎች አሲድ ምን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር። ያዩት ፍሬውን ነው፤ ልጅም ከአባቱ እየተማረ ልማዱ ቀጠለ።

በአገራችን ኖራ የገነነው ግን በእርሻ ሳይሆን በሕንፃ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ሱስንዮስና በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት፥ በጣና ዙሪያና በጎንደር የታነጹት ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። ከዚያም ወዲህ ኖራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሲያሠራ፥ ድልድይና ግድግዳ ሲያቆም ኖረ። ከግንቡ ላይ ወርዶ የገበሬውን ማሳ ለመርገጥ ግን ከ300 ዓመት በላይ ፈጀበት።

የነገሩን ምክንያት ለማወቅ ከጣሩት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ በቨርጂንያ ግዛት ይኖር የነበረው ኤድመንድ ሩፊን ነው። መሬቱ ለብዙ ዘመን ትምባሆና በቆሎ ተዘርቶበት ስለ ደከመ ምርቱ ወድቆ ነበር፤ ፍግ ቢጨምርበትም አልተሻለውም። ሩፊን የመሬቱ በሽታ በውስጡ ያለው አሲድ ነው ብሎ ገመተ። በ1818 ከመሬት በታች የሚገኝ፥ የባሕር ዛጎል የሞላበት ጭቃ አስቈፍሮ በማሳው ላይ ቢያስበትን በቆሎው ተሻለው። በ1832 ይህንኑ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው የባሪያ ጌታ ስለ ነበረ፥ ጭቃውን የቈፈሩትና የበተኑት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው። ታሪክ የመጽሐፉን ጸሐፊ ሲጠራ የእነርሱን ድካም ሊረሳ አይገባም።

የአሲድን መጠን በቁጥር ለመለካት የተቻለው ቆየት ብሎ ነው። በ1909 ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ፒኤች የተባለውን መለኪያ አወጣ። በዚህ መለኪያ 7 ማለት መካከለኛ ነው። ከ7 በታች የሆነ አሲድ አለበት፤ ከ7 በላይ የሆነ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ የአሲዱ ኀይል ዐሥር ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር፥ 6 ከሆነው አፈር በጥቂት ሳይሆን በዐሥር እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

አሁን አፈር እንዴት አሲዳም እንደሚሆን እንመልከት። የአፈር ብናኝ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች በላዩ ይዞ ይኖራል። ብዙ ዝናብ በሚዘንብበት አገር ውሃው ዓመት ከዓመት ወደ ታች እየሰረገ ካልሲየሙን እያጠበ ይወስደዋል። ገበሬውም እህሉንና ገለባውን አንሥቶ ምንም ካልመለሰ፥ ያው ሀብት በሌላ መንገድ ከማሳው ይወጣል። በካልሲየሙ ቦታ አሲድ ይተካል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ፥ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ይኖር የነበረው አልሙኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ያቈረፍደዋል። ሥሩ ካጠረ ተክሉ ውሃና ምግብ ሊያገኝ አይችልም። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ ለእህል እጅግ የሚያስፈልገው ፎስፈረስ በአልሙኒየምና በብረት ተይዞ ይቀራል። እንግዲህ ማዳበሪያ ቢጨመርም ብዙው ሳይበላ ታስሮ ይቀራል ማለት ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲጨመርበት ግን አሲዱ ይበርዳል፤ አልሙኒየሙ ተመልሶ ይታሰራል፤ ካልሲየሙም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህ ነገር ለእህል ብቻ ሳይሆን ለሣርም እውነት መሆኑን የሚያሳይ አንድ ታላቅ ምስክር አለ። በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል ቦታ፥ ጆን ሎውስና ጆሴፍ ጊልበርት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1856 አንድ የሣር መሬት በየክፍሉ ከፋፍለው ልዩ ልዩ ማዳበሪያ ይሰጡት ጀመር። ሙከራው እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። የአሞኒየም ማዳበሪያ በየዓመቱ የተሰጠው ክፍል መጀመሪያ ሣሩ በዛለት፤ ከጊዜ በኋላ ግን አፈሩ እጅግ አሲዳም ሆነ። ብዙ ዐይነት የነበረው ሣር ጠፍቶ አሲድ የሚችሉት ጥቂቶች ብቻ ቀሩ፤ የሞተውም ሣር ሳይበሰብስ እንደ ሰሌን በመሬቱ ላይ ተነጠፈ። ከ1903 ጀምሮ በብዙዎቹ ክፍሎች ግማሽ ላይ ኖራ በየጊዜው ተጨመረ። ኖራ ባገኘው ወገን ሌሎቹ የሣር ዐይነቶች ኖረዋል፤ ኖራ ባላገኘው ወገን ድህነቱ እንዳለ ነው። በእኛ ደጋ ማገጥ የምንለው ተክል ለከብት ምን ያህል ጠቃሚ እንደ ሆነ ወላጆቻችን ያውቃሉ። የማገጥ ዘመዶች የሆኑት ብዙዎቹ ተክሎች ከአየር ናይትሮጅን የሚያመጡላቸው ረቂቃን ሕዋሳት በሥራቸው ላይ ስላሉ፥ አሲድ ሲበዛ እነዚህ ሕዋሳት ይዳከማሉ። ስለዚህ የሣሩ መሬት አሲዳም ሲሆን የሚጠፋው አስቀድሞ ለላሟ ወተት የሚሆነው ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ አሲዳም አፈር የሚገኘው ዝናብ በሚበዛበት በምዕራብና በደቡብ ደጋ፥ እንዲሁም በመካከለኛው ከፍተኛ ቦታ ነው። በወለጋ፥ በጎጃም በአዊ፥ በጉራጌ፥ በሲዳማ፥ በጋሞ ተራሮች፥ በሸዋም በወልመራና በሆለታ ዙሪያ ቀዩ አፈር በዚህ በሽታ ተይዟል። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 በላይ የሚሆነው አሲድ እንደ ነካው የአፈር ሊቃውንት ይናገራሉ። ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ ቀድመው ይጐዳሉ። ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፤ ባቄላው ይቀጭጫል፤ ጎተራው ይጐድላል።

የደጋው ገበሬ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የምድጃውን አመድ በጓሮው ይበትናል፤ አመድም የኖራን ጠባይ ስላለው በጓሮ ያለው አፈር ከሩቁ ማሳ ይሻላል። በአንዳንድ ቦታ አፈሩን ከምሮ ያቃጥለዋል፤ ይህ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት እህል ቢሰጥም በኋላ መሬቱን ያራቍተዋል። ስንዴ እምቢ ያለበትም አጃ ይዘራል፤ ወይም ባሕር ዛፍ ይተክላል። በአዊ በባንጃና በፋግታ ለኮማ ደግሞ ብዙ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ወገን እየተከሉ ከሰል ያከስላሉ። ገንዘብ ያገኙበታል፤ ነገር ግን እንጀራ የነበረው ማሳ ዛፍ ሲሆን ማየት ሊያሳስበን ይገባል።

ኖራ ለእነዚህ ሰዎች ለምን ዘገየባቸው? የዚህ መልስ በእርሻችን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ተቋቋመ። በ1967 ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጭላሎ አውራጃ፥ አሰላን ማዕከሉ ያደረገው የስዊድን መንግሥት የረዳው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። በነዚህ ዓመታት ዘመናዊ ማዳበሪያና የተመረጠ ዘር ለገበሬው ይታደል ጀመር፤ በ1971 የተጀመረውም የልማት ፕሮግራም ማዳበሪያውን ወደ ብዙ አውራጃዎች አደረሰው። ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። ይህ ምክር ለብዙ ሰው እህል ሰጥቷል፤ ልንክደው አይገባም። ነገር ግን ምክሩ ለወለጋም ለአርሲም፥ ለቀዩም ለጥቁሩም አፈር አንድ ነበር። ዩሪያና ዳፕ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ በሚሰጡት አሞኒየም የተነሣ አፈሩን በየዓመቱ ትንሽ በትንሹ አሲዳም ያደርጉታል። በሮታምስቴድ የሣር መሬት የታየው ነገር በእኛም ደጋ በዝግታ ደረሰ። ማዳበሪያው ቀደመ፤ ኖራው ኋላ ቀረ።

ሌላው ምክንያት ክብደት ነው። ለአንድ ሄክታር ማዳበሪያ ሁለት ኩንታል ከሆነ፥ ኖራው እንደ አፈሩ ሁኔታ ከ10 እስከ 40 ኩንታል ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን ኩንታል ሁለት አህያ ይሸከማቸዋል፤ አርባውን ግን መኪና ይፈልጋል፤ መኪናውም መንገድ ይፈልጋል። የኖራ ድንጋይ በአገራችን ሞልቷል። በአባይና በሙገር ሸለቆ፥ በድሬዳዋና በመቀሌ ዙሪያ የሚገኘው ድንጋይ በጥንት ዘመን ባሕር አገራችንን በሸፈነ ጊዜ የተከማቸ ነው። ከዚሁ ድንጋይ ሲሚንቶ ይሠራል። ድንጋዩን ለእርሻ የሚፈጩ ወፍጮዎች እንደ ደጀንና ጉደር ባሉ ቦታዎች ቆመዋል። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱን አፈር በየወረዳው እየመረመሩ በካርታ የማስፈር ሥራ ተካሂዶ፥ የትኛው ወረዳ ምን እንደሚያስፈልገው ማወቅ ተችሏል። እንግዲህ ድንጋዩም አለ፥ እውቀቱም አለ፤ የቀረው ድንጋዩን ከገደሉ አውጥቶ እስከ ድሀው ማሳ ድረስ በሚችለው ዋጋ ማድረስ ነው።

ይህ እንደሚቻል ሌላ አገር አሳይቷል። በብራዚል ሴራዶ የሚባለው ሰፊ ሜዳ አሲዱና አልሙኒየሙ እጅግ ስለ በዛ ለብዙ ዘመን ለእርሻ የማይረባ ተብሎ ተትቶ ነበር። ሊቃውንቱ ኖራና ፎስፈረስ በሚገባ መጠን ሰጥተው መሬቱን ለእርሻ አበቁት፤ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የእህል አገሮች አንዱ ሆኗል። ሁለት ብራዚላውያንና አንድ አሜሪካዊ ለዚህ ሥራቸው በ2006 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንምጣ። ከዚህ በላይ የተጻፈውን ያነበበ የቆቃ ገበሬ፥ እንግዲያውስ እኔም ኖራ ልግዛ ይል ይሆናል። ይህ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። የስምጥ ሸለቆው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከጥንት ሐይቅ ደለል የተገኘ ነው፤ ዝናባችንም ከወለጋ ዝናብ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ካልሲየሙን አጥቦ አልጨረሰውም። በብዙ ቦታ ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው፤ ኖራውም በአፈሩ ውስጥ አለ። ማንም ተማሪ ይህን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ደረቅ አፈር በሳህን አድርጎ ኮምጣጤ ያንጠብጥበት፤ አፈሩ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሌላ ኖራ ቢጨመር ብረት፥ ዚንክና ፎስፈረስ ለተክሉ እንዳይደርሱ ይከለክላል እንጂ ምንም አይረዳም።

የሸለቆው መሬት በሽታ ሌላ ነው፤ እርሱም ጨው ነው። ሙቀቱ ብርቱ በሆነበት አገር የመስኖ ውሃ ያለ ልክ ሲፈስና መውጫ ቦይ ሲያጣ፥ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ ይላል። ከዚያም ፀሐይ ስትስበው ውሃው ይተንና ጨው በላይ ይቀራል። ከእኛ በታች በአዋሽ ዳር በአሚባራ ጥጥ ይመረትባቸው ከነበሩ ማሳዎች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ነጭ ሆነው ተትተዋል። ነጭነቱን አይቶ ኖራ የመሰለው ሰው ይሳሳታል። ሶዲየም የበዛበት አፈር የሚድነው በኖራ ሳይሆን በጂፕሰምና በመውጫ ቦይ ነው። ሁለቱም ካልሲየም ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ኖራ አሲድ በሌለበት አፈር አይሟሟም፤ ጂፕሰም ግን ይሟሟል። በቆቃና በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የምታመርቱ ወላጆቻችን፥ ልትጠነቀቁበት የሚገባው ይህ ነው።

እንዲህ ከሆነ የደጋው አሲድ ለቆቃ ተማሪ ምኑ ነው የሚል ይኖራል። መልሱን በየቀኑ የምናየው ሐይቃችን ይሰጠናል። አዋሽ የሚነሣው ከሸዋ ደጋ ከጊንጪ ወገን ነው። የሆለታና የወልመራ ውሃ ወደ እርሱ ይገባል። ከጣሊያን በተገኘው የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ሲጀምር፥ ይህን ሁሉ ውሃ በሜዳችን ላይ አቆመው። ከ43 ሺህ ኪሎዋት በላይ ኀይል የሚሰጡ ሦስት መዘውሮች ተተከሉ፤ መብራቱም ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ደረሰ። ሐይቁ ሲሞላ ግን መልካም የእርሻና የግጦሽ መሬት ከውሃ በታች ቀርቷል፤ ከብታቸውን በዚያ ያሰማሩ የነበሩ ሰዎችም ቦታቸውን ለቀዋል። ለዚህ ሐይቅ የተከፈለው ዋጋ ትልቅ ነው።

ይህን ያህል የተከፈለበት ሐይቅ በደለል እየተሞላ ነው። ደለሉ ከየት ይመጣል ቢባል፥ እህል በደንብ ካልሸፈነው፥ ሣር ካልያዘው ተዳፋት ነው። አሲድ የበላው ማሳ ቡቃያው ስስ ነው፤ የክረምቱ ዝናብ ባዶውን አፈር እየጠረገ ወደ አዋሽ ይጥለዋል። የተሟሟውም ካልሲየም ከውሃው ጋራ ይወርዳል። እንግዲህ የደጋው ገበሬ የሚያጣው አፈር የእኛን ሐይቅ ይሞላል፤ እርሱ ምርቱን ሲያጣ እኛ የመስኖውን ውሃና የመብራቱን ኀይል እናጣለን። ለደጋው ማሳ የሚሰጥ ኖራ ብቻውን ደለሉን ያቆማል አንልም፤ እርከንና ዛፍም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሥሩ የጠለቀ ገብስና የወፈረ ሣር አፈርን እንደሚይዝ ማንም አይክድም።

ስለ አጠቃቀሙም ጥቂት ቃል እንጨምር፤ በደጋ ዘመድ ያለው ተማሪ ለዘመዱ ይንገረው። በመጀመሪያ አፈሩ መመርመር አለበት፤ ሳይመረመር የሚጨመር ኖራ ሳይመረመሩ እንደሚጠጡት መድኀኒት ነው። ሁለተኛ፥ ኖራው በደንብ የደቀቀ ይሁን፤ ከዘር ጊዜ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋራ ይታረስ። ሦስተኛ፥ የተቃጠለ ኖራ ዐይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ልጆች እንዳይነኩት ይጠበቅ፤ ለእርሻ የሚሻለው ሳይቃጠል የተፈጨው ድንጋይ ነው። አራተኛ፥ ኖራ ምግብ አይደለም፤ ፍግና ማዳበሪያ አብረውት ካልገቡ መሬቱ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ባዶውን ይቀራል። የአውሮፓ ገበሬዎች ኖራ አባትን ያበለጽጋል፥ ልጅን ያደኸያል የሚሉት ስለዚህ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ለአገር ሁሉ አንድ መድኀኒት እንደሌለ ነው። ወለጋን የሚያድነው ለቆቃ አይሆንም፤ ለአሚባራ የሚሆነው ለአዊ አይሆንም። እያንዳንዱ መሬት የራሱ ታሪክ አለው፤ ያንን ታሪክ ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልገዋል። በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከትምህርት ቤታችን ሩቅ አይደለም። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከሚማሩት ጓደኞቻችን መካከል ነገ የአፈር መርማሪ የሚሆኑ እንደሚኖሩ እናምናለን። ወላጆቻችን ይህን ትምህርት እርሻን ለመሸሽ የሚሰጥ ትኬት አድርገው እንዳይቆጥሩት እንለምናለን። የአባቱን ማሳ አፈር ስም ጠርቶ፥ የጐደለውን ለክቶ የሚመልስ ልጅ የተማረ ነው፤ እንደዚህ ያለውን ልጅ ደጋውም ቆላውም ይጠብቀዋል።